ጠጕሩን የሚያራግፍ አዲስ እንግዳ

ሳይንስ የተማረ ሰው ሁሉ የጊኒ አሳማን ስም ያውቃል፤ መልኩን ያየው ግን ጥቂት ነው። በፈረንጆች አነጋገር «ጊኒ ፒግ» ሆነ ማለት የሌላ ሰው ሙከራ ተፈጸመበት ማለት ስለ ሆነ፥ እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን አዲስ ዐይነት ፈተና በወጣብን ቍጥር «ደግሞ የጊኒ አሳማ አደረጉን» እያልን እናጕረመርም ነበር። እንስሳውን ራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይናችን ያየነው ግን በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በፍራንክፈርት ከተማ ከአጎታችን ቤት በእንግድነት ባረፍን ጊዜ ነው።

አጎታችን ከሃያ ዓመት በላይ በጀርመን አገር የኖሩ ሰው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጃቸው ለልደቷ ምን እንዲገዛላት እንደምትፈልግ ብትጠየቅ ከመጫወቻው ሁሉ አስበልጣ የመረጠችው ይህንኑ እንስሳ ነው። የጊኒ አሳማ ብቻውን ሲሆን ይተክዛልና ሁለት ሴቶች ተገዙላት። ቡናማዪቱን «ዳቦ»፥ ነጣ ያለችውን «ጤፍ» ብላ ሰይማቸዋለች። እኛ ስንደርስ ከሱቅ ከመጡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር።

በጀርመንኛ ስሙ «የባሕር ትንሽ አሳማ» እንደ ማለት ነው። ባሕርን አያውቅ፥ አሳማም አይደል፥ ከጊኒም አልመጣ፤ የጃርት የሩቅ ዘመድ የሆነ፥ ጅራት የሌለው፥ በፊት እግሩ አራት በኋላ እግሩ ሦስት ጣት ያለው፥ ሲያድግ አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ሣር በሊ ነው። አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዴስ ተራራ ሲሆን፥ የፔሩና የቦሊቪያ ገበሬዎች ከብዙ ሺሕ ዓመት ጀምሮ እኛ ዶሮ እንደምናረባ በየቤታቸው ያረቡታል፤ ሥጋውንም ይበላሉ፤ «ኩይ» የሚለው ስሙም ከጩኸቱ የተወሰደ ነው ይባላል። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። አጎታችን እንስሳው የሚበላ መሆኑን ለልጃቸው እስካሁን አልነገሯትም፤ እኛም አልነገርናትም።

በገባን በማግስቱ ልጅቱ ዳቦን ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፥ ይዩዋት» አለችን። ሹራቧ ላይ ቡናማ ጠጕር ተጣብቋል። የእንስሳዪቱ ጀርባ ወደ ትከሻዋ ገደማ ሳስቷል፤ ከሥሩም ፎረፎር የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይታያል። በዚያ ላይ በኋላ እግሯ ያለ ማቋረጥ ታካለች።

በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን አስተያየት ሰጠ። የአጎታችን ባለቤት ብርዱ ነው አሉ። አጎታችን «ቤቱን አልለመደችም፤ ስትለምድ ይተዋታል» ሲሉ ፈረዱ። ወደ ሸጠላቸው ሱቅ ስልክ ቢደወል፥ ሻጩም ቦታ ሲለውጡ ጠጕራቸውን ያራግፋሉ እንጂ ምንም አይደለም ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ጥቂት ጠጕር መርገፍ በጤነኛውም ላይ ያለ ነው፤ እንዲያውም የጊኒ አሳማ ከጆሮው ኋላ ሲፈጠር ጀምሮ ትንሽ መላጣ ስላለው፥ አዲስ ባለቤቶች ይህን አይተው በከንቱ የሚደነግጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ማከክና ቅርፊት ግን ከቦታ መለወጥ ብቻ አይመጡም።

እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጣ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ለማለት ይቸገራል። እኛም «የቫይታሚን ሲ ጕድለት ነው» ስንል በሙሉ ልብ ተናገርን። ማስረጃችንም የሚናቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1907 አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን፥ ቤሪቤሪ ለሚባለው በሽታ መነሻውን እንፈልጋለን ብለው የጊኒ አሳማዎችን እህል ብቻ ቢቀልቧቸው፥ እንስሳቱን የያዛቸው ቤሪቤሪ ሳይሆን ጥንት መርከበኞችን ይፈጅ የነበረው ስኩርቪ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ እንስሳት ቫይታሚን ሲን በገዛ ሰውነታቸው ውስጥ ሲሠሩ የጊኒ አሳማ ግን እንደ ሰው መሥራት አይችልምና፥ በየቀኑ ከምግቡ ማግኘት አለበት። በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ መኖም ከተፈጨ ጥቂት ወራት ሲያልፉት ቫይታሚኑ እየጠፋ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ ገበያ ወጥተን የፈረንጅ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ገዝተን ተመለስን። ዳቦ ቃሪያውን በደስታ በላች፤ ማከኳን ግን አልተወችም። በኋላ እንደ ተረዳነው ስኩርቪ የያዘው እንስሳ መገጣጠሚያው ያብጣል፥ መራመድ ያቅተዋል፥ ድዱም ይደማል፤ እርሷ ከዚህ አንዱም አልነበረባትም። ምግቡ መስተካከሉ ሳይጠቅማት አልቀረም፤ በእኛ ትምህርት ምክንያት ግን አምስት ቀን ባከነባት።

በስድስተኛው ቀን ማታ ልጅቱ የሚረግፈውን ጠጕር ላንሣላት ብላ ጀርባዋን በለስላሳ ብሩሽ ስትጠርጋት፥ ዳቦ በድንገት በጎኗ ወደቀችና እግሮቿ ተወራጩ፤ ዐይኗ ተገለበጠ። የሚጥል በሽታ እንደ ያዘው ሰው ሆነች። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተነሥታ ቆመች፤ ልጅቱ ግን «እኔ ነኝ የገደልኋት» እያለች እስከ እኩለ ሌሊት ስታለቅስ አደረች ቢባል ማጋነን አይደለም። ያን ሌሊት ስለ ቫይታሚን አንድም ቃል አልተናገርንም።

በማግስቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ከዳቦ ትከሻ ላይ ያለውን ቅርፊት በምላጭ ቀስ ብላ ፋቀችና በመስተዋት ላይ አድርጋ፥ ጠብታ መድኃኒት ጨምራበት በማይክሮስኮፕ አየች። ከዚያም ለልጅቱ፥ ቀጥሎም ለእኛ አሳየችን። ክብ የሆነ፥ እግሮቹ አጫጭር የሆኑ፥ በባዶ ዐይን ከቶ የማይታይ ተባይ ነው፤ በአጠገቡም እንቍላሎቹ አሉ። ሐኪሟ በጀርመንኛ የተናገረችውን አጎታችን ሲተረጕሙልን ፊታቸው ተለዋወጠና «እከክ ነው የምትለው! እከክ፥ በዚህ አገር!» አሉ።

ለአገራችን ሰው ቃሉ ከበሽታነቱ አልፎ ስድብ መሆኑ ይታወቃል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በሆነ ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎችም ስፍራዎች እከክ ተዛምቶ እንደ ነበር የምናስታውስ ሰዎች፥ በሽታው የውሃ ማጣትና የመጨናነቅ እንጂ የስንፍና ውጤት አለመሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም ስድቡ አልቀረም። አጎታችንም ቤታቸው በንጽሕናው የሚመሰገን ነውና ነገሩ አሳፈራቸው። ሐኪሟ ግን የንጽሕና ጕድለት እንዳልሆነ ነገረቻቸው።

ተባዩ ሳይንሳዊ ስሙ ትሪክሳካሩስ ካቪዬ ይባላል። የቤልጅጉ ሊቅ አሌክሳንደር ፋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በጽሑፍ እስካስታወቁት ድረስ በሳይንስ ዘንድ ስም አልነበረውም። ለሰው እከክ ከሚያመጣው ተባይ ጋር ዘመድ ሲሆን፥ እንደዚያው የላይኛውን ቆዳ እየቦረቦረ ገብቶ እንቍላሉን በዚያ ይጥላል። የሚያስደንቀው ነገር፥ አንድ የጊኒ አሳማ ይህን ተባይ በጥቂቱ ተሸክሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊኖር ይችላል። በሱቅ ውስጥ ጠጕሩ አምሮ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ከእናቱ ሲለይ፥ በካርቶን ሲጓጓዝ፥ በማያውቀው ቤት ሲገባና ሲፈራ ግን ሰውነቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ተባዩ ይረባል። ስለዚህ ሻጩ «ቦታ ሲለውጡ ነው» ያለው ግማሽ እውነት ነበረው፤ ቦታው በሩን ከፈተ እንጂ ጠጕሩን የነቀለው ቦታው አልነበረም። መንቀጥቀጧም የሚጥል በሽታ ሳይሆን ከማሳከኩ ብርታት የተነሣ መሆኑን ስትሰማ ልጅቱ የአባቷን እጅ ለቀቀች።

ሐኪሟ ቀጥላ ወደ ልጅቱ ዞራ «እጅሽን አሳዪኝ» አለቻት። በክንዷ ላይ ሦስት አራት ቀይ ነጠብጣብ ነበር። ይህ ተባይ በሰው ላይ ቢወጣ ጥቂት ያሳክክ እንደ ሆነ እንጂ ስለማይራባበት፥ እንስሳው ሲድን እርሱም ይጠፋል። የፈራችው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጭርት ነው። የጊኒ አሳማዎች የጭርት ፈንገስ ይሸከማሉ፤ ብዙዎቹም ምልክት አያሳዩም። በጀርመን አገር አዲስ ከተገዛ የጊኒ አሳማ ጭርት የተጋባባቸው ልጆች ወደ ሐኪም መምጣታቸው የተለመደ ነው። በእንስሳው ላይ ጭርት አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ፥ ከዐይንና ከጆሮ ዙሪያ ይጀምራል፤ ክብ ክብ ሆኖ ይላጣል፤ እንደ እከክም አያሳብድም። ሐኪሟ ለማረጋገጥ ጥቂት ጠጕር ወደ ላቦራቶሪ ላከች፤ ፈንገሱ እስኪበቅል ሳምንታት ይፈጃልና ውጤቱን የሰማነው አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ነው። ጭርት አልነበረባትም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ሳያሳክክ በሁለቱም ጎን እኩል የሚላጣ ሴት እንስሳ ብዙ ጊዜ በእንቍላል ማፍሪያዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኝባታል፤ ይህም በዕድሜ ገፋ ባሉት ነው። ያረገዘችም ወደ መውለጃዋ ስትቃረብ ጠጕሯ ይሳሳል። ቅማልም አለ፤ እርሱ ግን በዐይን ይታያል፥ ወደ ሰውም አይጋባም። አንዳንዶቹም አብሯቸው ያለውን እንስሳ ጠጕር በጥርሳቸው ይከረክማሉ፤ ያን ጊዜ ጠጕሩ እንደ ተቈረጠ ሆኖ ይቀራል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም።

ሕክምናው አይቨርሜክቲን ነው። መድኃኒቱ ከጃፓን አፈር ከተገኘ ረቂቅ ነፍስ የወጣ ሲሆን፥ ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። በአገራችንም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፥ ጥቍር ዝንብ በወንዝ ዳር የሚያስተላልፈውን ዐይን የሚያጠፋ በሽታ ለመከላከል ለሕዝብ ይታደላል። አጎታችን ይህን ሲሰሙ የከፋ/ው ፊታቸው ትንሽ ፈካ። ሐኪሟ ዳቦን በሚዛን መዝና መርፌ ወጋቻት፤ መድኃኒቱ እንቍላሉን ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል አለች። ጤፍም ምንም ምልክት ባይኖርባት ተወጋች። ሰገቱራው ሁሉ ተጥሎ ቤታቸው በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ ታዘዘ።

እዚህ ላይ አጎታችን በየዋህነት አንድ ጥያቄ አቀረቡ። በታከከው ቆዳ ላይ ቍስል ስለ ነበረ፥ በቤታቸው ተርፎ የተቀመጠውን አሞክሲሲሊን በውሃ በጥብጠው ቢሰጧትስ? ሐኪሟ ደነገጠች። የፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ለጊኒ አሳማ እንደ መርዝ ነው፤ ሣሩን የሚያብላሉለትን የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይፈጅና በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድለዋል። ሃዋርድ ፍሎሪ እ.ኤ.አ. በ1940 ፔኒሲሊንን በአይጦች ላይ መሞከሩ ለሰው ልጅ ትልቅ ዕድል ነበር፤ በጊኒ አሳማ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መርዝ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። ለፈረስ የተዘጋጀውን አይቨርሜክቲን በግምት የሚቀቡም ሰዎች አሉ፤ ለአንድ ኪሎ እንስሳ የአራት መቶ ኪሎ እንስሳ መድኃኒት በጣት ጫፍ መለካት ግን ከተባዩ የባሰ ጕዳት ያመጣል።

ሂሳቡ ሲመጣ ከሁለቱ እንስሳት ዋጋ በለጠ። አጎታችን ወረቀቱን አየት አድርገው «በዚህ ገንዘብ ሌሎች ይገዙ ነበር» አሉ በአማርኛ። ልጅቱ አማርኛ አጥርታ ባትናገርም ትሰማለች፤ ዳቦ ያለችበትን ሣጥን ወደ ደረቷ አስጠጋች እንጂ መልስ አልሰጠችም። እኛም ሌሎቹ ከዚያው ሱቅ ይመጡ እንደ ሆነ ተባዩም አብሮ እንደሚመጣ ለመናገር አፋችንን ከፍተን ነበር፤ ነገር ግን የቫይታሚኑ ነገር ትዝ አለንና ተውነው። አጎታችን ከፈሉ።

ሁለተኛው መርፌ ከተወጋ ከሳምንት በኋላ፥ እኛ ልንመለስ ስንሰናዳ፥ በዳቦ ትከሻ ላይ አጭርና ለስላሳ ጠጕር መብቀል ጀምሮ ነበር። ልጅቱ በኵሽና ሚዛን በየእሑዱ እየመዘነቻት በደብተር ትጽፋለች። አጎታችንም ወደ ሱቁ ሄደው ነገሩን ለሻጩ አስረዱት። ሻጩ በትሕትና አዳመጠና ከዚያው ቤት የቀሩት እንስሳት እንዲመረመሩ እንደሚያደርግ ነገራቸው። ከእነ ዳቦ ጋር አብረው የነበሩት ሌሎቹ ግን በዚያው ሰሞን ተሸጠው አልቀዋል፤ ወደ ማን ቤት እንደ ገቡም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።