ቡቺ ቪዛ ትፈልጋለች!

የጎዳና ውሻ አንስቶ ውጭ አገር አሳዳጊ መፈለግ… ይቻላል ወይስ ሕልም ነው?

መቼም በኛ አገር ውሻ ሆኖ መፈጠር ዕዳ ነው። ሰው ሲናደድ የሚሳደበው በውሻ ስም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረው እሱ፣ ሲነጋ ድንጋይ የሚወረወርበትም እሱ! ባለቤት የሌለውማ ውሎው ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ አዳሩ ሱቅ በረንዳ ነው።

ታዲያ ወጣቶቻችን በየስልካቸው ሌላ ዓለም ያያሉ። ከጎዳና የተነሳ ውሻ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ፈረንጅ አገር ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይታያል። «እኛ ዲቪ ሞልተን ሞልተን ሳይደርሰን ውሻው ቀደመን!» ብሎ የሚስቅ አለ። «የሰፈሬን ቡችላስ ለምን አልልክም?» ብሎ ከልቡ የሚጠይቅም አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

ምክንያቱም ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢኳዶር ውስጥ በረጅም የጫካ ውድድር ላይ የነበሩ ስዊድናውያን ለአንድ ቁስለኛ የጎዳና ውሻ ቁራሽ ሥጋ ሰጡት። በቃ! ውሻው ጭቃውንም ወንዙንም አቋርጦ እስከ መጨረሻው ተከተላቸው። «አርተር» ብለው ስም አወጡለት፣ ስዊድን ወሰዱት። በ2024 ታሪኩ በፊልም ወጣ። ፊልም አይቶ የሚያለቅስ ሰው ግን አንድ ነገር ይረሳል። አርተር ስዊድን ከገባ በኋላ አራት ወር ያህል ከሰው ተለይቶ ኳራንቲን ተቀምጧል።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን እንምጣና አንዲት የሞጣ ልጅ እናስብ። መናኸሪያ አካባቢ የተጣለች ቡችላ አገኘች እንበል። ስሟን ቡቺ አለቻት። ከተማው ውስጥ ለውሾች መርዝ ሊጣል ነው የሚል ወሬ ሰማች። ደነገጠች። ውጭ ያለች አክስቷ ደግሞ «ላኪልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ» አለች። ከዚያስ?

ከሞጣ እስከ ቦሌ

ከሞጣ ተነስቶ በባሕር ዳር፣ ወይም በቢቸናና በደጀን አድርጎ አዲስ አበባ መግባቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ወረቀቱ ነው።

አክስት ያለችው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ውሻ መጀመሪያ የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ቆዳው ሥር ይደረግለታል። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል፤ ይኸውም ከተወለደ 12 ሳምንት ከሞላው በኋላ ነው። ክትባቱን ከወሰደ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይሰጣል። ደሙ ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። አስሉት! ቡቺ ሰባት ወር ገደማ ሳይሞላት አትሳፈርም።

አሜሪካ ከሆነችስ? እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ውሻ ከስድስት ወር ማነስ የለበትም፣ ማይክሮቺፕም ያስፈልገዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ደግሞ የኛም አንዷ ናት። ስለዚህ የክትባት ማስረጃ፣ የደም ምርመራና በተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ቀጠሮ ይጠየቃል። የደም ምርመራው ከሌለ 28 ቀን ኳራንቲን አለ። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ካሉ አገሮች ለአሳዳጊ የሚላኩ ውሾችን ጨርሶ ከልክላለች።

የሐኪሙ፣ የላቦራቶሪው፣ የሣጥኑና የአውሮፕላኑ ወጪ ሲደመር ለአንድ ውሻ የሚወጣው ገንዘብ ስንት ውሻ እንደሚያስከትብ ገምቱት። ስለዚህ «ገንዘብ ላኩልኝና ውሻችሁን ባንድ ሳምንት አሻግራለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ! ሕጉ ራሱ በአንድ ሳምንት አያሻግርም።

ለካስ ቤት አግኝታለች!

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚያን ሰባት ወራት ቡቺን ማን ያበላታል? ማን ያሳድራታል? ማን ያስከትባታል? አክስት አይደለችም። ያቺው የሞጣ ልጅ ናት! ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ውሻዋ ባለቤትም ቤትም አግኝታለች ማለት ነው። ከጉዞው የመጀመሪያ ደረጃዎች አንዱም ክትባት ነው። ክትባቱ ደግሞ አውሮፓ ለመግባት ብቻ ሳይሆን ሞጣ ለመኖርም ያስፈልጋል።

እናት «ለሰው ያልበቃ እንጀራ ለውሻ?» ብትል አትፍረዱባት፤ እውነቷን ነው። ግን ቡቺ ሶፋ አልጠየቀችም። የግቢ ጥግ፣ ትራፊ፣ ውሃ ይበቃታል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ ሌባ ሲመጣ ትከፍላለች።

መርዙስ?

በከተሞቻችን ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ ውሻ መጨረስ የቆየ ልማድ ነው። ያደረጉት ሰዎች ጨካኞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ይፈራሉ። ፍርሃቱም የዋዛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም 99 በመቶ በውሻ ነው። እብድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከተነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ግን መግደሉ በሽታውን አያቆመውም። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ያልተከተበ ይተካበታል። የተከተበውም አብሮ ይሞታል። በሽታውን የሚያቆመው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው።

ይህን የተረዱ ወገኖች አገራችን ውስጥ ነበሩ። በባሌ ተራሮች ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ2001 ቤት አልባ እንስሳትን የሚረዳ ድርጅት አቋቁመው፣ ከመግደል ይልቅ መከተብና ማምከን ይሻላል ብለው ተከራክረዋል። ያው በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሻ የተጋባ በሽታ በአንድ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ውሻን መከተብ ሰውንም ዱሩንም ማዳን ነው።

እና ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያነሳችሁትን ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። በየወረዳው ያሉት በብዛት ከብትና አህያ ስለሚያክሙ የውሻ ክትባት መቼ እንደሚገባ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን አትጣሉት፤ ያ ነው ፓስፖርቱ።

ሁለተኛ፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑረው። ባለቤት እንዳለው ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ የሚያመክን ሐኪም ካገኛችሁ አምክኑት። ዛሬ አንዲት ቡቺ ያላችሁ፣ ለከርሞ ስድስት ቡችላ ይዛችሁ አሳዳጊ ፍለጋ እንዳትዞሩ።

አራተኛ፣ አሳዳጊ ስትፈልጉ ከጎረቤት ጀምሩ። ጠባቂ የሚፈልግ ግቢ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ ሞልቷል። ከክትባቱ ጋር ስጧቸው።

አምስተኛና ዋናው፣ ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ትንሽ ናት፣ ትድናለች» አይባልም። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ የምትፈሩም አትፍሩ፤ አዲሱ ክንድ ላይ ነው።

አክስት አሁንም «ላኪልኝ» ካለች? ደስ ይላል፤ ወረቀቱ ይጀመር። ብሩ ካልሞላ ግን ቡቺን ወደ መናኸሪያ አትመልሷት። ለአሥር ውሻ የሚሆን ክትባት እንድትልክ ለምኗት። አንዷ ፈረንጅ አገር ከምትተኛ፣ አሥሩ ሰፈሩን በሰላም ቢጠብቁት ይበልጣል።

ቸር ይግጠመን!