ራሷን በሕግ ያሰረች ድምጻዊት

ጆአን ላ ባርባራ እ.ኤ.አ. በ1947 በፊላደልፊያ የተወለደች አሜሪካዊት ድምጻዊትና የሙዚቃ ደራሲ ናት። የተማረችው የክላሲካል አዘፋፈን ነው፤ ስሟ የተነሳው ግን የክላሲካል መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጉሮሮ እንዳይወጡ በሚከለክሏቸው ድምጾች ነው። አየር ወደ ውስጥ እየሳበች ትዘፍናለች፤ ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምጽ በአንድ ጊዜ ታወጣለች፤ ታንቋርራለች፤ እልል ትላለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሙዚቃ ደራሲዎቹ ከስቲቭ ራይክና ከፊሊፕ ግላስ ጋር ሠርታለች። «ድራሚንግ» በተባለው የራይክ ድርሰት ውስጥ ሴቶቹ ድምጻውያን ግጥም የላቸውም፤ ማሪምባ የተባለውን የእንጨት መሣሪያ ምት በአፋቸው እያስመሰሉ ከመሣሪያዎቹ መሐል ይገባሉ። በ1976 ያሳተመችውን የመጀመሪያ አልበሟን «ድምጽ ቀዳሚው መሣሪያ ነው» ብላ መሰየሟ ከዚህ ልምድ ጋር ይሄዳል።

ኢምፕሮቫይዜሽን፣ ማለትም ሳይጻፍ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጠር ሙዚቃ፣ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ልጓም የሌለው ነገር ነው። የላ ባርባራ ሥራዎች የሚያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው እላለሁ፤ ነፃነቷ የሚጀምረው ራሷን በጠባብ ሕግ ካሰረች በኋላ ነው። በ1974 በሠራችው አንድ ድርሰት ለራሷ የፈቀደችው አንድ ኖታ ብቻ ነው። ኖታው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚዘዋወረው የሚያስተጋባበት ቦታ ነው፤ አንዴ በአፍንጫ፣ አንዴ በጉሮሮ፣ አንዴ በግንባር በኩል። ማንኛውም የሰው ድምጽ ከዋናው ቃና በላይ ብዙ ቀጫጭን ቃናዎችን አዝሎ ይወጣል፤ የአፍና የጉሮሮ ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር አንዱ ይጎላል፣ ሌላው ይደበዝዛል። አድማጩ ጥቂት ከታገሠ አንድ ብሎ የቆጠረው ኖታ ውስጡ ብዙ ሆኖ ያገኘዋል። በቀጣዩ ዓመት በሠራችው «ሰርኩላር ሶንግ» ደግሞ ሕጉ ትንፋሽ ነው፤ አየር ስታወጣም ስትስብም ትዘፍናለች፤ ዘፋኝ ለማረፍ የሚጠቀምበት ፋታ ጭራሽ የለም።

ይህ የላቦራቶሪ ሙከራ እንጂ ሙዚቃ አይደለም የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ እሷም ራሷ አንዳንዶቹን ሥራዎቿን ጥናት ማለቷን አልተወችም። ሆኖም በ1974 የሠራችውን «የሚሰማኝን ስሙ» እንመልከት። ዓይኗ በፕላስተር ታሽጎ፣ እጇ ምንም ሳይነካ አንድ ሰዓት ብቻዋን ትቆያለች፤ ከዚያ ሰው ፊት ትቀርብና በስድስት ሳህኖች የተቀመጡትን፣ ምንነታቸውን የማታውቃቸውን ነገሮች በጣቷ እየነካች የተሰማትን በድምጿ ትመልሳለች። ፍርሃት፣ ጉጉት፣ መጸየፍ፣ ደስታ ቃል ሳይደርስላቸው በፊት ምን ዓይነት ድምጽ እንዳላቸው የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ስሜት በቃል ካልተነገረ ጎደሎ ነው ማለት ለእኛ በተለይ አይሆንልንም፤ ሠርጉንም ክብረ በዓሉንም በእልልታ የምናደምቅ ሰዎች ነንና።

ሁለተኛው ጥርጣሬ እንዲህ ያለ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ምሳሌ አለ። የሙዚቃ ደራሲው ሞርተን ፌልድማን በ1982 «ስሪ ቮይስስ»ን የጻፈው ለላ ባርባራ ነው፤ አንዱን ድምጽ መድረክ ላይ ትዘፍናለች፣ ሁለቱ አስቀድሞ የተቀዱ የራሷ ድምጾች ከሁለት ድምጽ ማጉያ ይወጣሉ። ፌልድማን ማጉያዎቹን እንደ መቃብር ድንጋይ ያያቸው ነበር፤ ሥራውም የሞቱ ወዳጆቹን፣ ሠዓሊውን ፊሊፕ ገስተንንና ገጣሚውን ፍራንክ ኦሃራን የሚያስብ ነው። ለአንዲት ጉሮሮ ተለክቶ የተሰፋ የሚመስለውን ይህን ድርሰት እንግሊዛዊቷ ድምጻዊት ጁልየት ፍሬዘርና ሌሎችም ቀድተውታል። እርግጥ ፌልድማን ኖታውን ጽፎ ሰጥቷል፤ የላ ባርባራ የራሷ ሥራዎች ግን በአብዛኛው የሚያወርሱት የአሠራር ሕግ ነው። ይህም ቢሆን ለተተኪው የሚበጅ ይመስለኛል፤ «የሚሰማኝን ስሙ»ን የምትሞክር ሌላ ድምጻዊት የላ ባርባራን ድምጽ መኮረጅ አይጠበቅባትም፤ ሳህኖቹ ውስጥ ያለውን በራሷ ጣት ነክታ በራሷ ጉሮሮ ትመልሳለች።