የክላውድ መሐንዲስ ለመሆን ከምን ይጀመራል?

ክላውድ የሚለው ስም ደመና ማለት ስለ ሆነ፣ ነገሩ በሰማይ ያለ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን ክላውድ በምድር ላይ፣ በትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ተደርድረው ሌሊትና ቀን የሚሠሩ ሰርቨሮች ናቸው፤ ባለቤታቸውም እንደ ቤት ያከራያቸዋል። አማዞን ይህን ንግድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ጀመረ፤ ማይክሮሶፍትና ጉግልም ተከተሉት። የክላውድ መሐንዲስ ማለት እንግዲህ ለተከራዩ ድርጅት ማሽን የሚያዝ፣ እርስ በርሱ የሚያገናኝ፣ ከሌባ የሚጠብቅና ኪራዩን የሚቈጣጠር ሰው ነው።

ብዙ ጓደኞቻችን ሙያውን ለመጀመር የሚሹት ከፈተናና ከምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ አይጠላም፤ ነገር ግን መሠረቱ ሊኑክስና ኔትወርክ ነው። ሊኑክስን በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ነበር። ዛሬም በነጻ ስለሚገኝ፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ተማሪ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ሊማርበት ይችላል።

ስለ ኔትወርክ አንድ ምሳሌ እንይ። አይፒ ቪ ፎር የሚባለው አድራሻ የ32 ቢት ርዝመት አለው። ከዚህ 24ቱ ለሰፈሩ መታወቂያ ቢያዙ፣ ለቤቶቹ ቍጥር 8 ቢት ይቀራል፤ 2 ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ 256 ነውና 256 አድራሻ ይገኛል። በአማዞን ዘንድ ግን ከየሰፈሩ 5 አድራሻ ኩባንያው ለራሱ ስለሚይዝ ለተከራዩ የሚተርፈው 251 ነው። ይህ ተራ ሒሳብ ይመስላል። ሆኖም አንድ ድርጅት ለግምጃ ቤቱና ለሽያጭ ክፍሉ አንድ ዐይነት አድራሻ የደለደለ እንደ ሆነ፣ ኋላ ሁለቱን ኔትወርኮች በቀጥታ ላገናኝ ቢል አይሆንለትም፤ አፍርሶ መሥራት ግድ ይሆንበታል።

ርቀትም አይናቅ። አማዞን በ2020 ዓ.ም. በኬፕ ታውን የከፈተው ማዕከል ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ ከ52 ሚሊሴኮንድ ግድም ሊያንስ አይችልም፤ ገመዱም ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በእውነቱ ይበልጣል። ምንም ያህል ፈጣን ማሽን ቢከራዩ ይህን አያሳጥረውም።

ከዚህ ቀጥሎ ቴራፎርምን የመሰለ መሣሪያ ተምሮ፣ አንድ ትንሽ አገልግሎት በጽሑፍ ትእዛዝ መትከልና መልሶ ማፍረስ ነው። ማፍረሱ አይረሳ፤ የተተወ ማሽን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ በ30 ቀን የ720 ሰዓት ኪራይ ይቈጥራል። የበጀት ማስጠንቀቂያም ደብዳቤ ይልካል እንጂ፣ ካላዘዙት በቀር ማሽኑን አያጠፋም።

ለመጀመሪያ ሥራ «የክላውድ መሐንዲስ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በኔትወርክ ጥገና ወይም በሲስተም አስተዳደር ገብተው ወደዚህ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። ለቀጣሪውም የሚታየው ያ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። በጊትሀብ ላይ ለሕዝብ ከመልቀቅ በፊት ግን የመግቢያ ቍልፍ እንዳይኖርበት ይመርመር፤ እንዲህ ያለውን ቍልፍ ሳይታክቱ የሚያስሱ የሌባ ፕሮግራሞች አሉና። ያገኙት እንደ ሆነ በባለቤቱ ስም ብዙ ማሽን ይከራያሉ፤ ሒሳቡም የሚመጣው ለእርሱ ነው።