ሰዓሊው ከምን ይነሣል?

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ‹‹ለምን ትስላለህ?›› ተብሎ አይጠየቅም ነበር። መልሱ ከሥዕሉ ግርጌ ይታያል። ሥዕሉን ያሠራው ባላባት ወይም ወይዘሮ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይሳላሉ፤ አጠገባቸውም እከሌ እንደ ተማፀነ፣ እከሊት እንደ ተማፀነች ይጻፋል። የሰዓሊው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሥራው ጸሎት ነውና መነሻውም መድረሻውም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የዘመናችን ሰዓሊ ይህን ዕረፍት አላገኘም። ዐውደ ርዕይ በከፈተ ቁጥር ከየት እንደ ተነሣ፣ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ይጠየቃል፤ መልሱንም ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ሰዓሊዎቻችን በቃልም በሥራም የሰጧቸውን መልሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ዘመን የተሻገሩት አንድ የሚዳሰስ ነገር አጥብቀው የያዙት ናቸው፤ ብራና፣ ፊደል፣ ጉሊት፣ ምናለሽ ተራ።

የመጀመሪያዎቹ መነሻ አገር ነበረች። አለ ፈለገሰላም የቺካጎ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሐሳባቸው ሥዕልን እንደ ሌላው ሙያ በክፍል ውስጥ ማስተማር ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ለንደን ላይ ወደ ሥዕል ዞሩ። ሲመለሱ የመረጡት ሥራ የሕዝብ የሆነ፣ ብዙ ሰው ቆሞ የሚያየው ሥራ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕላቸው የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግሏንና የነገ ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። የአፈወርቅ ዓላማ የተሰወረ አልነበረም። አፍሪካዊው ቀና ብሎ ራሱን በክብር እንዲያይ ነበር የሚፈልጉት።

የመነሻው ጥያቄ የከረረው ገብረክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ከአውሮፓ ሲመለሱ ነው። ገብረክርስቶስ የሐረር ልጅ ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ነበሩ፤ የመጀመሪያ መምህሩም እሳቸው ናቸው። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመጣ ግን ይዞ የመጣው ረቂቅ ሥዕል ነበር፤ ቀለሙ ራሱ የሚናገርበት፣ መልክና ቅርጽ የሚሟሟበት። ‹‹ይህ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም›› ያሉት ጥቂት አልነበሩም። ትችቱ ትክክል አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ‹‹ጎልጎታ›› በተሰኘው ሥራው ፊት የቆመ ሰው ያ ደም የለበሰ ስቅለት ከአባቱ ብራና የመጣ መሆኑን ለማየት ብዙ አይቸገርም፤ ዓይኑ ጀርመን አገር ቢሠለጥንም ሕመሙ የቤቱ ነው። ገጣሚም ስለነበረ ብቸኝነትና የአገር ናፍቆት ከስንኙ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ስንኙ ይመላለሳሉ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ተመልሰው ዛሬ በስሙ በሚጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ። አዲስ አበባ ኖሮ ይህን ሙዚየም ያላየ ሰው ካለ አንድ ከሰዓት በኋላውን ይስጠው እላለሁ።

እስክንድር በሌላ መንገድ ሄዷል። ፓሪስ በቆየባቸው ዓመታት የአፍሪካና የካሪቢያን ጥቁር አሳቢዎችን፣ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራም አገኘ፤ በነሱ በኩል ደግሞ ወደ ራሱ አገር ክታብ ተመለሰ። ደብተራው በብራና ጥቅል ላይ የሚሥላቸው ትልልቅ ዓይኖች፣ ርኩስ መንፈስን የሚያባርሩት ጠልሰሞች፣ በእስክንድር ሸራ ላይ ሌሊት እንደሚበሩ ፍጡራን ሆነው ይወጣሉ። ከነዚህ ሥራዎች አንዱን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የገዛው ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ኋላም በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይመስለኝም። ክታብ የሚፈውሰው ብራናው ራሱ ስላለ ነው፤ እስክንድርም ሥዕል በሚያየው ሰው ላይ ሥራ መሥራት እንዳለበት ያምን የነበረ ይመስለኛል።

እስክንድር በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2001 ሲያስተምር ይህንኑ ለብዙዎች አስተላልፏል። የአራት ኪሎው ልጅ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የአማርኛን ፊደል የሥራው ብቸኛ መነሻ አደረገው። ሀ እና ለ በሸራው ላይ ይሰበራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሰው ይመስላሉ፤ ለማንበብ የሚሞክር ግን ቃል አያገኝም። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቅ ደርድሮ፣ ቆዳ ወጥሮ የጠልሰምንና የሽመናን ጥበብ አዋሐደ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የዳካር ቢየናሌን ታላቅ ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። የከበደች ተክለአብ መነሻ ከሁሉም የከበደ ነው። ከደርግ ሸሽታ ወጥታ አሥር ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቤት ያሳለፈች ገጣሚና ሰዓሊ ናት። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለውን ትልቅ የግድግዳ ሥራ ከእስክንድር ጋር ሠርታለች፤ በግጥሟም በሥዕሏም የምታነሣው የሌላውን መከራ ጭምር ነው።

ደርግ ለሰዓሊው ዓላማውን አዘጋጅቶ ሰጠው፤ የቀይ ኮከብ ፖስተር፣ ሠራተኛና ገበሬ፣ የመሪዎች ምስል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ነገር ሙያው ይመስለኛል። ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት ወጣቶች የሰውን አካል መሣል ጠንቅቀው ተምረው መጥተዋል። ታደሰ መስፍን ከነዚህ አንዱ ናቸው። የወልድያው ተወላጅ በሌኒንግራድ ተምረው ለብዙ ዓመታት በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። ‹‹የሕይወት ምሰሶዎች›› በተሰኘው ተከታታይ ሥራቸው የሚሥሉት የጉሊት ሴቶችን ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ የሚሸጡ፣ ስማቸውን ማንም የማይጠይቃቸው ሴቶች በሸራቸው ላይ ረዥም፣ ግርማ ያላቸው፣ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ፊት ለፊት የሚያዩ ሆነው ይቆማሉ። ከተማን ቀጥ አድርገው የያዙት እነሱ ናቸው ነው የሚሉን። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ግርጌ ተደፍታ የነበረችው ወይዘሮ ዛሬ የለችም፤ በቦታዋ ባለጉሊቷ ገብታ መካከሉን ይዛለች። ከዘመናችን ሥራዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

ኤልያስ ስሜም ከገበያ ይነሣል፤ ከመርካቶ፣ በተለይ ከምናለሽ ተራ። መጀመሪያ ቁልፍና ክር ነበር የሚሰበስበው፤ በሸራ ላይ በመርፌ እየሰፋ ወራት የሚፈጅ ሥራ ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ዞረ፤ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍ፣ የተላጠ የመዳብ ሽቦ። ሽቦውን እየጠለፈና እየቸነከረ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ ማሳ ወይም ከተማ የሚመስል ሰፊ ገበታ ይሠራል። ሥራዎቹን ያሰባሰበበት ተከታታይ ርእሱ በገመድ ላይ መራመድን ያመለክታል፤ ሰው በቴክኖሎጂ ከሚያገኘውና በተፈጥሮ ላይ ከሚያጠፋው መካከል ሚዛኑን ጠብቆ መሄድ አለበት ማለት ነው። ብዙዎች ‹‹ቆሻሻን ወደ ጥበብ የሚለውጥ›› እያሉ ይጠሩታል። ይህ አነጋገር ሥራውን ያሳንሰዋል። ኤልያስን የሚስበው ዕቃውን የነኩት እጆች ናቸው፤ ስልኩን የያዘችው እናት፣ ሰሌዳውን የፈታው የመርካቶ ልጅ። ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 በከፈተው የዞማ ሙዚየምም ይኸው ሐሳብ አለ። ሁለቱ በየክፍለ ሀገሩ ተዘዋውረው የጭቃና የጭድ ቤት አሠራርን ከባለሙያዎች ተምረዋል፤ የዞማ ግድግዳዎች በዚያ ጥበብ የተመረጉና እንደ ጥልፍ የተቀረጹ ናቸው። ልጆች የሚሮጡበት፣ ከብት የሚታለብበት፣ አትክልት የሚበቅልበት ሙዚየም ነው።

አንድ ቅሬታዬን እዚህ ላይ ልናገር። ኤልያስንም ሆነ እኩዮቹን የገዙት፣ ያሳዩትና ስለነሱ የጻፉት በአብዛኛው ውጭ አገር ያሉ ጋለሪዎችና ሙዚየሞች ናቸው። ስለዚህ ሰዓሊው ስለ ሥራው የሚናገረው ቃል በባዕድ ቋንቋ ይታተማል፤ የሠራላት የመርካቶ ሴት አታነበውም። በአማርኛ የሚታተም የዐውደ ርዕይ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ገብረክርስቶስ ግጥም ብዙ ተጽፎልን ስለ ሥዕሉ ግን የሚበዛውን ያገኘነው ከሌሎች ነው። ታላላቆቹ ሰዓሊዎች በሕይወት ሳሉ በራሳቸው አንደበት ሊቀዱ፣ የተቀዳውም ለአዲስ ተማሪዎች ሊደርስ ይገባል።

ከተማዋ ስትፈርስና ስትሠራ ያደጉት ደግሞ ራሷን ከተማዋን መነሻ አድርገዋል። አዲስ ገዛኸኝ የተደራረቡ ቤቶችን ከመሬት ነቅሎ በአየር ላይ ያንሳፍፋቸዋል። ኤፍሬም ሰለሞን በእንጨት ቅርጽ ኅትመቱ ወንበርና ነጠላ ጫማን እየደጋገመ ስለ ሥልጣንና ስለ ተራው ሰው ያነሣል። ዳዊት አበበ ሰዎችን ከጀርባቸው ይሥላል፤ ፊታቸውን የማናየው እነዚህ ሰዎች ያለፈ ታሪካቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ግርማ በርታ በእጅ ስልኩ የመንገድ ሰዎችን አንሥቶ ዙሪያቸውን በአንድ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ሊስትሮውና ባለጋሪው ከጥላቸው ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። የደሴው ሮቤል ተመስገን ደግሞ ወደ አድባር ይሄዳል፤ በዛፉ፣ በሐይቁ፣ በተራራው የሚያድረውን መንፈስ በቀለም ይፈልጋል።

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ዓላማዋን በግልጽ ከሚናገሩት አንዷ ናት። አፍሪካን በረኀብና በጦርነት ብቻ የሚያሳየውን የውጭ ካሜራ መቃወም ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስት በዓልን ጀመረች። ሴቶቹን በቀይ፣ በሰማያዊና በነጭ ቀብታ ታቆማቸዋለች፤ ቀለሞቹም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዳሎል ባነሣችው ሥራዋ ጨው በለበሰው መሬት ላይ ማድጋ የያዙ ሴቶች ይታያሉ፤ ጉዳዩ ውኃ ለመቅዳት የሚጠፋው የሴት ዕድሜ ነው።

በሩቅ ያሉትስ? በልጅነቷ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአዲስ አበባ የወጣችው ጁሊ ምህረቱ በግዙፍ ሸራዎቿ ላይ የከተማ ካርታና የሕንፃ ንድፍ ትደራርባለች፤ ከካይሮው ተሐሪር አደባባይ ጋር የእኛ መስቀል አደባባይም ከመስመሮቿ ሥር አለ። በዘመቻ ሰሎሞን በልጅነቷ እስራኤል የገባችው ኒሪት ታከለ በወፋፍራም ክብ አካላት የቤተ እስራኤልን ማኅበረሰብ ትሥላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የታየበትን ጊዜም በሸራዋ አንሥታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ኤልያስ ስሜና ሰዓሊዋ መሪኮከብ ብርሃኑ በአንድነት ተጋብዘዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ስታቆም የተመረጠው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። ጀርመን አገር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል። እርስ በርስ የተጠላለፉ፣ እጅና እግራቸው የማን እንደሆነ የማይለይ ሰዎችን ይሥላል። የስደተኛ ሰውነት ነው፤ ዓይናቸው ግን ተመልካቹን ቀና ብሎ ያያል፤ ምጽዋት አይጠይቅም። ተስፋዬ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ይሠራል።