በስታርዲው ቫሊ መጸው ምን ይተከል?

ሙያዬ የወጪና ገቢ ሒሳብ ስለሆነ ይህን የእርሻ ጨዋታም የማየው በዚያው ዓይን ነው። መጸው 28 ቀን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት ያለ ማዳበሪያ፣ በመደበኛ ጥራት ነው።

ብዙ ሰው ወደ ዱባ ይሮጣል፤ አንዱ 320 ወርቅ ያወጣላ! ግን 13 ቀን ይፈጃል፣ ዘሩም 100 ወርቅ ነው። ወቅቱን ሙሉ ሁለቴ ቢመረት በአንድ መደብ 440 ይተርፋል።

የክራንቤሪ ዘር 240 ወርቅ ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ሆኖም በ7 ቀን ይደርስና ከዚያ በየ5 ቀኑ ሁለት ሁለት ፍሬ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ከተተከለ አምስት ጊዜ ይለቀማል፦ 10 ፍሬ በ75፣ 750፤ ዘሩ ሲቀነስ 510። በ15ኛው ቀን ብትተክሉት ግን ትርፉ 60 ብቻ ነው። በዚያን ቀን ዱባ ይሻላል፤ 220 ያስገኛል። በ16ኛው ቀን የተተከለ ዱባ ደግሞ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል።

ኪሳችሁ ከሳሳ ወይን ትከሉ። በ60 ወርቅ ዘር 420 ይተርፋል፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ነው። ድጋፍ ላይ ስለሚወጣ በመሃሉ ማለፍ አይቻልም፤ መተላለፊያ ተዉለት።

የመጥመቂያ በርሜል ካላችሁ ስሌቱ ይገለበጣል፦ የዱባ ጭማቂ በ4 ቀን ገደማ 720 ሲያወጣ፣ የክራንቤሪ ወይን ጠጅ ሳምንት ያህል ቆይቶ 225 ነው።