ከሰል፣ ውርጭና የኦክስጅን ክፍሎች

የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ይበልጣል፤ ውርጩ በር ያዘጋል። በተዘጋ ቤት የሚያድር ከሰል ግን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል።

ለከባድ መመረዝ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። ክፍሎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። የአንድ ሰው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በንጹሕ ኦክስጅን ይሞላል፤ አስታማሚ አይገባበትም፤ እሳትም ያሰጋዋል። የብዙ ሰዎች ክፍል በታመቀ አየር ይሞላል፤ ሕሙማን ኦክስጅኑን በጭምብል ይስባሉ፤ ነርስም አብራ ትገባለች። ሁለቱም ከተራው የአየር ግፊት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሰጣሉ። ተጣጣፊው ከረጢት ግን 1.3 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ ለተራራ ሕመም ጊዜያዊ እርዳታ እንጂ ለከሰል መርዝ አይበቃም።

ወላጆች ሆይ፣ ቤተሰቡን ራስ ምታትና ማስታወክ ካገኘው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ፍጠኑ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ማንደጃውን ከመኝታ በፊት ከቤት ማውጣት ነው።