«ኮምፒዩተር» የሚባለው ትምህርት አንድ አለመሆኑ

በደባርቅና በዳባት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ «ኮምፒዩተር እማራለሁ» ሲል፥ ለወላጆቹ ሁሉም አንድ ሙያ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ደባርቅ በሚገኘው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የጎብኝዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራ ቢባል፥ ፕሮግራሙን መጻፍ ይበልጡን የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና የኮምፒዩተር ሳይንስ ሥራ ነው፤ ምን እንደሚመዘገብና ለመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚጠቅም ማጥናት የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ነው፤ መሣሪያዎቹን በኔትዎርክ ማገናኘት፥ መዝገቡ እንዳይጠፋ ቅጂ መያዝና ብልሽት ሲደርስ መጠገን ደግሞ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነው። ትምህርቶቹ በብዙው ቢገናኙም የሚያዘነብሉበት ወገን ይለያያል።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. እንደገና ስለ ተጀመረ፥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ክፍሉን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምርጫውም በውጤቱ ይወሰናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተናን ያላለፈ ዲግሪ አይቀበልም። ስለዚህ ስም ሰምቶ ብቻ የመረጠ ሰው ዓመታቱን፥ በሬ ሸጦ የላከውም አባት ጥሪቱን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ያ የጋራ ዓመት የየክፍሉን የትምህርት ዝርዝር ማንበቢያ፥ ቀደም ብለው የገቡትንም መጠየቂያ ይሁን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለምን?